ያገለገለ ሞተር ለቤት ወርክሾፕ፦ ሊስተር ወይስ ሆንዳ? (ደሴ)

የጦሳው አናጢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነኝ፣ ግቢዬ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ስራ አለችኝ፣ ክብ መጋዜ በ3 ፈረስ ጉልበት ዲናሞ ነው የሚዞረው ግን መብራት በሄደ ቁጥር ስራው ይቆማል የደንበኛ ቀጠሮ ይበላሻል። አሁን ሁለት ሞተር አግኝቻለሁ፣ አንዱ ወፍጮ ቤት የነበረ ሊስተር ባለ 6 ፈረስ ጉልበት በናፍጣ የሚሰራ፣ ሌላው ሆንዳ ጂኤክስ 160 የውሃ ፓምፕ ላይ የነበረ። ሆንዳውን ባለቤቱ ፊቴ አስነሳው በአንድ ጉተታ ተነሳ። የቱን ልግዛ? ከመክፈሌ በፊትስ ምኑን ምኑን ልይ? ስለ ሞተር ብዙም አላውቅም፣ የምታውቁ በአላህ ንገሩኝ።

ሞተሪስት ከኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። በአንድ ጉተታ ተነሳ ያልከው፣ ስትደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር ወይ? ሻጭ ገዢ እንደሚመጣ ካወቀ ቀድሞ አሙቆ ይጠብቃል፣ የደከመ ሞተርም ከሞቀ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ሳትደውል በጠዋት ሂድና ሲሊንደሩን በእጅህ ንካው፣ ሞቆ ካገኘኸው ሌላ ቀን እመጣለሁ ብለህ ተመለስ። ዘይቱን በመለኪያው አውጥተህ እየው፣ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ተወው። ሲሰራ ማርሚታውን (የጭስ መውጫውን) እይ፣ ከሞቀም በኋላ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀ ዘይት እየበላ ነው ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ፋሻው (ፒስተኑ ላይ ያለው ቀለበት) አልቋል፣ ጥቁር ከሆነ ግን ቤንዚን በዝቶበት ወይ የአየር ፊልትሮው (ማጣሪያው) ተዘግቶ ነው እሱ ቀላል ነው። አጥፍተህ ደግሞ የሚወጣውን ዘንግ ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው፣ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት) ሄዷል።
ከሁሉም በላይ ግን የውሃ ፓምፕ ላይ የነበረ ነው ስላልክ ዘንጉን ሳታይ ብር እንዳታወጣ!! ለፓምፕ የሚሰሩት ብዙዎቹ ዘንጋቸው እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ነው፣ ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት) የሚይዝበት ቁልፍ የምንለው ትንሽ ብረት የሚገባበት ቦታ የለውም። አንተ የምትፈልገው ቀጥ ያለ የቁልፍ መስመር ያለው ነው፣ ካልሆነ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀርጹበት) መመላለስ ይመጣል።

ሀረጎ፦
ሞተሪስቱ ያለው ሁሉ ልክ ነው ግን ከፍታውን ማንም አላነሳውም እኮ። ሆንዳ ራሱ በየ300 ሜትሩ 3.5 ከመቶ ጉልበት ይቀንሳል ይላል፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ስታሰላው 29 ከመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። ጂኤክስ 160 ድሮ 5.5 ፈረስ ጉልበት ይባል ነበር አሁን ፋብሪካው 4.8 ነው የሚለው፣ ከሱ ላይ ስትቀንስ 3.4 አካባቢ ይቀርሃል። ለ3 ፈረስ መጋዝ አፍ አፉ ላይ ነው፣ ለጥድ ጣውላ ይበቃ ይሆናል ወፍራም ወይራ ስታስገባበት ግን ይታፈናል። ኮምቦልቻ ወርዶ ቢሰራ እንኳን 20 ከመቶ ያህል ማጣቱ አይቀርም። ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ቶሎ ቶሎ ከጠቆረብህም አየሩ ስለሳሳ ቤንዚኑ እየበዛበት ነው፣ ካርቡሬተሩ ላይ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት) ይገባለታል። እሱ አነዳዱን ያስተካክላል እንጂ የሄደውን ጉልበት አይመልስም።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦
እኔ ያደግኩት ሊስተር ስር ነው፣ ወላሂ እንደሱ የሚታመን ሞተር የለም። በደቂቃ 650 ዙር ብቻ ነው የሚሰራው፣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቶሎ አያልቅም። የእንግሊዙ ዱርስሊ የምትባል ከተማ ነው የተሰራው፣ የህንድ ኮፒም ሞልቷል፣ መለዋወጫውም ከዛው ይመጣል። ኮፒ ከሆነ ካርተሩን (ዘይቱ የሚቀመጥበትን የሞተሩን ሆድ) ከፍተህ በናፍጣ እጠበው፣ አንዳንዱ ከቀለጠበት ቅርጽ የቀረ አሸዋ ውስጡ ይኖርበታል እሱ ነው ብሮንዚ (ዘንጉ የሚዞርበትን ብረት) የሚበላው። ቮላኖዎቹን (ከጎን ያሉትን ትልልቅ ከባድ ጎማ መሰል ብረቶች) መሃል ላይ ቁልፉ የሚገባበት ጋ በባትሪ እያበራህ አይ፣ ስንጥቅ ካለ በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ፣ ያ ብረት እየዞረ ከተሰበረ ሰው ይገላል።
ግን ለመኖሪያ ግቢ ይከብዳል። ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ ነው፣ የሲሚንቶ መሰረት ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃ ይፈልጋል፣ ድምጹም ጎረቤት አያስተኛም። ከገዛኸው ደግሞ ማርሚታውን ከቤት ውጭ አውጣው ጭሱ በዝግ ክፍል ይገድላል፣ ቺንጋውንም በብረት ሸፍነው፣ ሽርጥ ለብሰህ አጠገቡ እንዳትቆም።

የጦሳው አናጢ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሄጄ አየሁት፣ የሆንዳው ዘንግ ባለ ጥርስ ነው፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ሊስተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ በማኒቬላ (በእጅ ማዞሪያ) አስነሱት፣ ጭሱ ትንሽ ቆይቶ ጠራ፣ ቮላኖውም ስንጥቅ የለው። ቦታው ከኋላ አለኝ፣ ጎረቤቶቼንም አነጋግሬያለሁ ቀን ቀን ብቻ ከሆነ ብለዋል። የቀረኝ ፑሊው ነው፣ መጋዜ 3,000 ዙር ነው የሚፈልገው ከ650 እንዴት ይደርሳል?

ሞተሪስት ከኮምቦልቻ፦
ይደርሳል። ሞተሩ ላይ 40 ሳንቲም መጋዙ ላይ 9 ሳንቲም ፑሊ ካደረግክ 2,900 አካባቢ ይሰጥሃል፣ ከዛ በላይ አታስኬደው፣ የመጋዙ ምላጭ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዙርም አረጋግጥ። ትንሹ ፑሊ ላይ ቺንጋው እንዳይንሸራተት ሁለቱን አራርቃቸው፣ ቺንጋውም ድርብ ይሁን። ከመጫንህ በፊት ዘይቱን አውጥተህ አዲስ ሙላ፣ የናፍጣ ፊልትሮውንም ቀይር፣ የመጋዝ ብናኝ ወደ አየር ማስገቢያው እንዳይሄድ ደግሞ ሞተሩን ከመጋዙ በግርግዳ ለየው።