የልብ ጡንቻ ሴል በኤሌክትሮፖሬሽን፦ ከግማሽ በላይ ይሞታል፣ የሚያበራውም አይመታም

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ ከተወለዱ አይጦች በተለየ የልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ የጂኤፍፒ ፕላዝሚድ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን የያዘ ክብ ዲኤንኤ) በኤሌክትሮፖሬሽን፣ ማለትም የሴሉን ሽፋን በኤሌክትሪክ በመብሳት፣ ለማስገባት እየሞከርኩ ነው። ኩቬቱ (ሴሉ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል የሚቀመጥበት ዕቃ) ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ሴሉ 2 ሚሊዮን፣ ዲኤንኤው 10 ማይክሮግራም፣ ፐልሱ (የኤሌክትሪክ ምቱ) 400 ቮልት ለ10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሴሎቹ ያሉት በተለመደው የማሳደጊያ ሚዲየም (ሴል በሚያድግበት ፈሳሽ) ነው። በማግስቱ ከግማሽ በላይ ሞተው ይንሳፈፋሉ፤ አረንጓዴ የሚያበሩት ደግሞ ጠፍጣፋና የማይመቱ ናቸው። ቮልቴጁን ልቀንስ ወይስ ዲኤንኤውን ልጨምር?

መልስ 1፦ ዲኤንኤውን አይንኩት፣ መጀመሪያ ሚዲየሙን ይቀይሩ። በማሳደጊያ ሚዲየም ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ፐልሱ የሴሉን ሽፋን ሲበሳው ካልሲየሙ በአንዴ ይገባና ሴሉ ከመጠን በላይ ተኮማትሮ ይቀራል። ሌላ ሴል ይህን ሊቋቋም ይችላል፣ የልብ ጡንቻ ግን ካልሲየም ሲያገኝ የሚኮማተር ነው። ካልሲየም የሌለውና ጨው ያነሰበት ባፈር ይጠቀሙ፤ 10 ሚሊ ሞላር ቢዲኤም (የጡንቻ መኮማተርን የሚያግድ ኬሚካል) ቢጨምሩበት መኮማተሩን ይገታል። ጨው ሲበዛ የሚያልፈው ከረንት ስለሚጨምር ኩቬቱ ይሞቃል፣ ብልጭታም ይፈጠራል። የ«ጧ» ድምፅ ከሰሙና ነጭ አረፋ ካዩ ያ ናሙና አልቋል፣ ይጣል። ፕላዝሚዱ በውሃ የተሟሟ፣ ከኤታኖልና ከኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ የሚመጣ መርዝ) የጸዳ፣ ከጠቅላላው መጠን ከ10 በመቶ ያልበለጠ ይሁን።

ከፐልሱ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳይነኩ ይተዉት፤ ቀዳዳዎቹ የሚዘጉት ያኔ ነው። ከዚያ አፈ ሰፊ ፒፔት ይዘው በ37 ዲግሪ ወደሞቀ፣ ሴረም ወዳለው ሚዲየም በቀስታ ያዛውሩ። ደጋግሞ መሳብና መግፋት ከፐልሱ የተረፈውን ይገድላል።

መልስ 2፦ 400 ቮልት በ4 ሚሊ ሜትር ማለት በሴንቲ ሜትር 1000 ቮልት ነው፤ ለ10 ሚሊ ሰከንድ ይህ በጣም ከባድ ነው። ከ150 ቮልት ጀምረው በ25 ቮልት እየጨመሩ ይሂዱ። በሽፋኑ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ በግምት የኤሌክትሪክ መስኩና የሴሉ ራዲየስ ብዜት 1.5 እጥፍ ስለሆነ፣ ለትንሽ ሴል የተጻፈ ፕሮቶኮል ለትልቅ ሴል አይሆንም። ፐልሱን ግን ወደ ማይክሮ ሰከንድ አያሳጥሩት። ቢያጥርም ቀዳዳው ይከፈታል፣ ትንሽ ሞለኪዩልም ያልፋል፤ ዲኤንኤን ወደ ሽፋኑ የሚገፋው ግን መስኩ ራሱ ስለሆነ ሚሊ ሰከንዶች ያስፈልጉታል።

መልስ 3፦ የሚያበሩት ጠፍጣፋዎቹ ፋይብሮብላስት (ከልብ ጡንቻው ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣ የተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ሳይሆኑ አይቀሩም። እነሱ ስለሚከፋፈሉና በክፍፍል ጊዜ የኒውክሊየሱ ሽፋን ስለሚፈርስ ፕላዝሚዱ በቀላሉ ይገባል፤ የልብ ጡንቻ ሴል ግን እምብዛም አይከፋፈልም። ሴሎቹን ከፐልሱ በፊት ባልተቀባ ሳህን ላይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ያቆዩ፤ ፋይብሮብላስቱ ቶሎ ይጣበቃል፣ ያልተጣበቀውን ይውሰዱ። በኋላ ካርዲያክ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሴል መለያ ፕሮቲን) እንዲታይ ቀልመው፣ ትሮፖኒንም ጂኤፍፒም ያለውን ብቻ ይቁጠሩ። ያለ ዲኤንኤ ፐልስ ብቻ ያገኘና ያለ ፐልስ ዲኤንኤ ብቻ ያገኘ ናሙናም ጎን ለጎን ይኑር፤ አለበለዚያ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ጠያቂ፦ የትሮፖኒን ፕሮሞተር (ጂኑ በልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ የዲኤንኤ ክፍል) ብጠቀምስ?

መልስ 3፦ በፋይብሮብላስት ውስጥ ያለው እንዳያበራ ያደርጋል እንጂ ወደ ጡንቻው የሚገባውን አይጨምርም። ለጥቂት ቀን ብቻ ከፈለጉት ኤምአርኤንኤ (ሴሉ ፕሮቲኑን በቀጥታ የሚሠራበት መልእክተኛ አርኤንኤ) ይሞክሩ፤ ኒውክሊየስ መግባት አያስፈልገውም፣ በሰዓታት ውስጥ ይታያል።