በተለያየ ስም የሚሸጡ የእጅ ሰዓቶች ውስጣቸው አንድ ዓይነት ማሽን የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሰዓት ጥገና ነው። ሰሞኑን ለእድሳት ከመጡልኝ የስዊዘርላንድ አውቶማቲክ ሰዓቶች መካከል ስማቸውም ዋጋቸውም የማይገናኝ ሁለቱን ከፍቼ ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ከጥርሶቹ አቀማመጥ እስከ ብሎኖቹ ድረስ አንድ ዓይነት ሆነው አገኘኋቸው። ልዩነታቸው አንደኛው ማሽን የኤታ፣ ሌላው የሴሊታ (ሁለቱም ማሽን አምራቾች ናቸው) ምልክት ያለበት መሆኑ ብቻ ነው። ይህ ማስመሰል ነው ወይስ ሕጋዊ ንግድ? ደግሞስ ማሽኑን ብቻ ከውጭ ላስመጣ ብል፣ በጉምሩክ የሚመደበው እንደ ሙሉ ሰዓት ነው ወይስ ለብቻው?

መልስ 1፦
ሕጋዊ ነው። በስዊዘርላንድ ብዙ ስመ ጥር ሰዓቶች ማሽናቸውን ራሳቸው አይሠሩም፤ ለረጅም ዘመን የሚገዙት ግሬንሸን ከተማ ከሚገኘው ኤታ ሲሆን፣ ኤታ ደግሞ ስዋች ግሩፕ የተባለው የሰዓት ኩባንያ ንብረት ነው። ላ ሾ ደ ፎን የሚገኘው ሴሊታ ከኤታ የሚደርሰውን ያልተገጣጠመ ማሽን እየገጣጠመ ለሌሎች የሚሸጥ ድርጅት ነበር። ስዋች ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ሽያጭ ለማቆም ማሰቡን ሲያስታውቅ፣ የሴሊታ ህልውና አደጋ ላይ ወደቀ። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ጣልቃ ገብቶ ጉዳዩ ለዓመታት ሲጓተት ቆየና፣ በ2013 በተደረሰው ስምምነት ኤታ አቅርቦቱን እስከ 2019 ድረስ ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ተፈቀደለት። ሴሊታ በበኩሉ የታወቀው የኤታ 2824 ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት ጊዜው አልፎ ስለነበር፣ ያንኑ ንድፍ ተከትሎ ኤስደብልዩ 200 የተባለውን አወጣ። የሁለቱም ስፋት 25.6 ሚሊሜትር፣ ምታቸውም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 28,800 ነው፤ የኤታው 2824-2 በ25 ሩቢ (የጥርሶቹ ዘንጎች የሚዞሩበት ጠንካራ ድንጋይ) ሲሠራ የሴሊታው 26 አለው። እርስዎ ያዩት መመሳሰል ከዚህ የመጣ ነው። እኔ ኮሚሽኑ ጣልቃ መግባቱን እደግፋለሁ፤ ሚዛኑን የሚያንቀሳቅሰውን ቀጭን ሞላ በብዛት የሚያመርተው ኒቫሮክስም የዚያው ግሩፕ ስለሆነ፣ ተፎካካሪዎቹ በሙሉ በአንድ እጅ ፈቃድ ያድሩ ነበር።

መልስ 2፦
የጉምሩኩን ጥያቄ ልመልስ። ብዙ አገሮች በሚጠቀሙበት የተጣጣመ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ሰዓት በምዕራፍ 91 ውስጥ ሲሆን፣ ማሽን ከሙሉ ሰዓት የተለየ አንቀጽ አለው። ተገጣጥሞ ያለቀ የእጅ ሰዓት ማሽን በ9108፣ የግድግዳና የጠረጴዛ ሰዓት ማሽን በ9109፣ ያልተገጣጠመው ወይም ያልተሟላው ደግሞ በ9110 ይመደባል። የእጅ ሰዓቱን ማሽን ከግድግዳው የሚለየው መጠኑ ነው፤ ውፍረቱ ከ12 ሚሊሜትር፣ ስፋቱም ከ50 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ የእጅ ሰዓት ማሽን ይባላል። ስለዚህ የተለመደው ባለ አራት ማዕዘን የግድግዳ ሰዓት ማሽን ጎኑ 56 ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ ወደ 9109 ይሄዳል። በደረሰኝዎ ላይ «የሰዓት ዕቃ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ማሽኑ በባትሪ የሚሠራ ወይም አውቶማቲክ መሆኑን በግልጽ ማስጻፍ ይጠቅምዎታል፤ በ9108 ሥር ያሉት ንዑስ አንቀጾች የሚለዩት በዚህ ነውና።

መልስ 3፦
ከመጀመሪያው መላሽ ጋር በሕጋዊነቱ እስማማለሁ፤ ገዢው ግን የከፈለው ለማሽኑ ይሁን ለስሙ ማወቅ ይገባዋል እላለሁ። ከጥር 1 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ «ስዊስ ሜድ» (በስዊዘርላንድ የተሠራ) ለመባል ከሰዓቱ የማምረቻ ወጪ ቢያንስ 60 በመቶው በስዊዘርላንድ የወጣ መሆን አለበት፤ ማሽኑም የዚያው አገር ሊሆን፣ ቀፎው ውስጥ የሚገባውና የመጨረሻው ምርመራ የሚደረግለትም እዚያው ሊሆን ይገባል። ከፊቱ ሥር «ጃፓን ሙቭት» (የጃፓን ማሽን) የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰዓት ግን የሚናገረው ስለ ማሽኑ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ራሱ ሌላ አገር የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል።

ለጥገና ሥራዎ፣ የሴሊታው ማሽን ለተበላሸው የኤታ 2824 ምትክ ሆኖ ብዙ ጊዜ በቀፎው ልክ ይገባል። የሚቀይሩት ማሽኑን በሙሉ ሳይሆን አንድ ጥርስ ወይም ሞላ ብቻ ከሆነ ግን፣ ሁሉም ክፍሎች ይቀያየራሉ ብለው ሳይተማመኑ በማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ለሻጩ ልከው ያዝዙ።