ቤቱን አንዱ ወሰን ላይ አስጠግቶ መሥራት ይቻላል? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃው፦
አብሽሩ ወገን። ደሴ ላይ ለእናቴ ቤት ልጀምር ነው። ቦታው 200 ካሬ ነው፣ ፊቱ 10 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 20። ፕላን ስምምነቱ ላይ (ከግንባታ ፈቃድ በፊት ማዘጋጃ ቤት ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚነግርበት) በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ሜትር ልቀቅ ተባልኩ። ለቤቱ የሚቀረው 6 ሜትር ወርድ ነው። እሱስ ይሁን፣ ግን ግራና ቀኝ የሚተርፉት ሁለት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ለጀሪካን ማስቀመጫ ካልሆነ ለምን ይሆናሉ? ቤቱን ወደ አንዱ ወሰን ባስጠጋው በሌላው በኩል 4 ሜትር ግቢ አንድ ላይ አገኛለሁ። እናቴም ቡናዋን ፀሐይ ላይ ታፈላለች። ይፈቀዳል?

ሸዋበር፦
ምን ያስጨንቅሃል አቦ፣ ድፍን ግድግዳ አርገህ ሥራው። አሮጌ ሰፈሮቻችንን አላየህም? ቤቱ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ነው የቆመው።

ቀያሹ፦
ሸዋበር፣ አሮጌ ሰፈር ማስረጃ አይሆነውም። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ "እነ እገሌም እንዲህ ሠርተዋል" ቢል ማን ይሰማዋል? ከ2001 ዓ.ም የሕንፃ አዋጅ ወዲህ መጀመሪያ ፕላን ስምምነት፣ ከዚያ የግንባታ ፈቃድ ነው። ያንተ ጥያቄ መነሳት ያለበት እዚያ መጀመሪያው ላይ ነው፤ ዲዛይን አሠርተህ ገንዘብህን ከከፈልክ በኋላ ከሄድክ "አስተካክለህ ና" ተብለህ ትመለሳለህ። ስለዚህ አሁኑኑ ማመልከቻ ጻፍ፣ ቤቱ የት እንደሚቆም የሚያሳይ ንድፍም አያይዝ።

ወሰን ላይ የሚቆመው ግድግዳ ድፍን መሆን አለበት ሲባል የእውነት ድፍን ነው። የመታጠቢያ ቤት ትንሽ መስኮት እንኳ አይከፈትበትም፣ ነገ ጎረቤትህም አስጠግቶ ቢሠራ ይደፈንብሃል። ጣሪያውን ባለ አንድ ፊት አድርገህ ወደ ራስህ ግቢ ጣለው። እመነኝ፣ የክረምት ጠብታ ያጣላው ጎረቤት መስኮት ካጣላው ይበዛል። መሠረቱን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ግድግዳው ወሰኑ ላይ ቢሆንም ፉቲንጉ፣ ማለትም የመሠረቱ እግር፣ ከሥር ሰፍቶ ጎረቤት መሬት ውስጥ ይገባል። ኢንጂነሩ ከወሰን ሳይወጣ ወደ ውስጥ ብቻ የሚዘረጋ ፉቲንግ እንዲሠራልህ ከወዲሁ ንገረው።

የጎረቤት ስምምነት በቃል አይበቃም። ተጽፎ፣ ተፈርሞ ፋይሉ ውስጥ ይግባ። ለልስንና ለቀለም በእሱ ግቢ የመግባት መብትህም አብሮ ይጻፍ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ "የንብረት አገልግሎት" የሚለው ነገር አለ፣ አንዱ ይዞታ ለሌላው ጥቅም የሚሸከመው፣ ባለቤት ቢቀየርም የሚቆይ ግዴታ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ነው የተበጀው። የዛሬው ጎረቤትህ መልካም ሰው ነው እንበል፣ ቤቱን ሸጦ ሲሄድ የሚመጣውን በምን ታውቀዋለህ?

ሀገር ናፋቂ፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ይኼንኑ "ዜሮ ሎት ላይን" ይሉታል። ግን አንድ ሰው ብቻውን ሲያደርገው ጥቅሙ ግማሽ ነው። የሚያምረው የረድፉ ቤቶች በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲጠጉ ነው፣ ያኔ የእያንዳንዱ ግቢ በጎረቤቱ ድፍን ግድግዳ ይከለላል። ወገኖቼ፣ በማኅበር ተደራጅታችሁ ቦታ የምትወስዱ ካላችሁ ከመጀመሪያው አብራችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

የቧንቧ ውሃው፦
አላህ ይስጥልኝ ቀያሹ። ጎረቤቴ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴን ያውቁት ነበር፣ እምቢ አይሉኝም። የትኛው ወሰን ላይ ላስጠጋው ታዲያ? በሰሜኑ በኩል መሬቱ ከፍ ይላል።

ከኮምቦልቻ፦
ለፀሐዩ ከሆነ ሰሜን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምትዞረው፣ ለደሴ ብርድ ግቢው ወደ ደቡብ ቢከፈት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። እኛ ከደሴ ዝቅ ብለን ሙቀቱ ላይ ያለነው ተቃራኒውን ነው የምንፈልገው፣ ጥላ።

ቀያሹ፦
ልክ ነው፣ ግን መሬቱ በሰሜን ከፍ ይላል ካልክ ጠንቀቅ በል። ልትቆፍር ያሰብከው የጎረቤትህን አፈር ሥር ነው። ደሴ ተዳፋት ናት፣ አፈሯ ውሃ ሲጠጣ እንደሚንሸራተት ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ውሃ ማስወጫ ያለው ደጋፊ ግንብ ይሠራ፣ ቁፋሮውም ከሰኔ በፊት ይለቅ። የቤቱን ግድግዳ ደጋፊ ግንብ አድርገህ አንድ ድንጋይ ለማትረፍ እንዳትሞክር፣ እርጥበቱ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ሽማግሌውን ስታናግራቸውም ፊርማውን ብቻ አትጠይቃቸው፣ ቁፋሮው የቱ ጋ እንደሚደርስ በችካል አሳያቸው።