ሪፍሌክሽን ጆርናል ላይ ምንድነው የሚጻፈው? (የላንድስኬፕ ስቱዲዮ)

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ላንድስኬፕ አርክቴክቸር ነው የምማረው ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። የዚህ ሴሚስተር ስቱዲዮ (የዲዛይን ፕሮጀክታችን) የተዘጋ ፋብሪካ ግቢን ወደ መናፈሻ መቀየር ነው፣ ሳይቱ ቁልቁለት ነው፣ ግማሹ ኮንክሪት የለበሰ ነው፣ ታች ጥጉ ጋ ደግሞ ሲዘንብ ውሃ ይተኛል። ዲዛይኑ እየሄደልኝ ነው፣ ችግሬ ከዲዛይኑ ጋር አብሮ የሚገባው ጆርናል ነው። መምህሩ ባየው ቁጥር "ይሄ የሥራ ሪፖርት ነው፣ ሪፍሌክሽኑ የታለ" ይለኛል። እኔ የሠራሁትን ነው የምጽፈው፣ ሰኞ ሳይት ወጣን፣ ረቡዕ ኮንሴፕት ሠራሁ፣ አርብ ሞዴል ቆረጥኩ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበል? የሚፈለገው ስሜት ከሆነ "ቦታው ጭር ብሎ ሳየው ሆዴ ባባ" ብዬ ልጻፍ? ለራሴም ሳቄ ይመጣል።

በዛ ላይ ባለፈው ጁሪ (ሥራችንን አቅርበን የምንገመገምበት) ላይ፣ ያለቀውን ቦታ የሚያሳየውን ሬንደር (ምስል) አይተው "ሬንደሩ ቆንጆ ነው ግን መሬቱ የታለ" ተባልኩ። መሬቱማ አለ፣ አረንጓዴው ነዋ! ሁለቱ አስተያየቶች አንድ ነገር እየነገሩኝ እንደሆነ ይሰማኛል ግን ምን እንደሆነ አልያዝኩትም። ጥሩ ጆርናል አይታችሁ የምታውቁ፣ ምን ይመስላል?

ኮንቱር_ቆጣሪ፦
እህቴ ስሜትሽን ማንም አልጠየቀሽም አይዞሽ ሃሃ። የሚፈለገው ሐሳብሽን የቀየርሽበት ቦታ ነው። ምን ልሠራ ነበር፣ ምን አየሁ፣ ምን ቀየርኩ፣ በመቀየሬ ምን አጣሁ። የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይዘላታል፣ እሷ ከሌለች ግን ሪፖርት ነው፣ መምህርሽ እውነቱን ነው።

ጁሪው ያለሽም ከዚሁ ጋር ይገናኛል፣ በኛ ትምህርት ሐሳብ የሚያስቀይርሽ አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ራሱ ስለሆነ። ሳትለኪው ከሠራሽ እምቢ የሚልሽ ነገር አይገጥምሽም፣ እምቢ የሚልሽ ከሌለ ደግሞ የምትጽፊው አይኖርም። እንዲህ አድርጊ። ፕላንሽ 1፡500 ነው እንበል (ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲሜትር መሬት ላይ 5 ሜትር ነው)፣ ኮንቱሩም (እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር) በየ1 ሜትሩ ከፍታ። 5 በመቶ ስሎፕ ማለት በ20 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር መውረድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 4 ሳንቲሜትር። ኮምፓስሽን 4 ሳንቲሜትር ክፈቺና ከበሩ ጋ ካለው ኮንቱር ተነስተሽ ቀጣዩን ኮንቱር የሚነካበት ላይ ምልክት አድርጊ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው፣ እንደዛ እያልሽ እስከ ታች። ነጥቦቹን ስታገናኚ የምታገኚው መስመር ዊልቸርም የልጅ ጋሪም ያለ ራምፕ የሚወርድበት መንገድ ነው። የአሜሪካው የተደራሽነት ደንብ ለምሳሌ ከ5 በመቶ በላይ የሚወርድ መንገድን ራምፕ ብሎ ነው የሚቆጥረው፣ ራምፕ ደግሞ ከ1 ለ12 በላይ መቆም አይችልም፣ መደገፊያ ይመጣል፣ ቢበዛ በየ76 ሳንቲሜትር ከፍታው ማረፊያ ይመጣል፣ ያ የሚያምረው ቀጥ ያለ መንገድሽ ብረት በብረት ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከዛ የኮምፓሱን መስመር በትሬሲንግ (ከስሩ ያለው በሚታይበት ስስ ወረቀት) ከኮንሴፕትሽ ላይ ደርቢው። አይገጥሙም፣ እወራረዳለሁ። የማይገጥሙበት ጋ ቆመሽ ጻፊ።

ስኬችና_ቀለም፦
ኮምፓሱ ጥሩ ነው ግን ስሜትን እንዲህ ማጣጣል አልወደድኩትም። "ሆዴ ባባ" አይጻፍ እሺ፣ ግን ሳይቱ ላይ እግርሽና ጆሮሽ ያወቁት ነገር አለ፣ የት ጋ ሳታስቢው ፈጠን ብለሽ ተራመድሽ፣ የት ቆምሽ፣ ነፋሱ የት ተወሽ፣ ከየት ጀምሮ የመኪናው ድምፅ ጠፋ፣ ይሄ ሁሉ ዳታ ነው፣ ካርታ ላይ ደግሞ አታገኚውም። አሜሪካዊው የላንድስኬፕ አርክቴክት ሎውረንስ ሃልፕሪን ባለቤቱ አና ዳንሰኛ ነበረችና፣ ሰው በቦታ ውስጥ ሲሄድ ምን እንደሚያጋጥመው የሚመዘግብበት የራሱን ኖቴሽን (የምልክት አጻጻፍ) እስከማውጣት ደርሷል። አንቺ ያን ያህል መሄድ የለብሽም፣ ፕላኑን ፕሪንት አድርገሽ እየተራመድሽ ምልክት ብታደርጊበት ይበቃል።

ደግሞ ጽሑፍ ለዲዛይነር ትርፍ ሥራ የሚመስላችሁ ሰዎች የማያ ሊንን ነገር ብታዩት። በ1981 ዋሽንግተን ላይ ለሚሠራው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ 1,421 ሥራዎች ቀረቡ፣ ያሸነፈችው ያኔ የ21 ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ሊን ነች፣ ሐሳቡም ከክፍል ሥራ ጋር ተያይዞ የመጣ ነው። ያስገባችው ለስላሳ የፓስቴል ስዕሎች ነው፣ ምኑም ጎልቶ አይታይም፣ አብሮት ግን አንድ ሰው ወደዚያ ሲወርድ ምን እንደሚሆን በእርጋታ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነበር። ሕንፃ የለውም እኮ፣ መሬቱን ቆርጣ ሁለት የጥቁር ግራናይት ግድግዳ ነው ያስገባችበት፣ እያንዳንዱ ወደ 75 ሜትር የሚረዝም፣ የሚገናኙበት ጋ 3 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው። "መሬቱ የታለ" የሚል ጁሪ እዛ ፊት ቢቆም ምን ይል ነበር?

ኮንቱር_ቆጣሪ፦
@ስኬችና_ቀለም እሺ ተሸነፍኩ፣ ጆሮና እግር ይግባ። "ቦታው ሰላም ይሰጣል" ምናምን የሚል ካየሁ ግን እመለሳለሁ።

ሥራሥር፦
ሁለታችሁም መንገድ ላይ ብቻ ቀራችሁ። የተዘጋ ፋብሪካ ነው እኮ ያለችው! ተማሪዋ፣ ኮንክሪቱንና ብረቱን ምን አደረግሽው? ነቅለሽ ጥለሽ ሳር ዘርተሽበት ከሆነ እሱም "መሬቱ የታለ" ያስብላል፣ ምክንያቱም የዛ ቦታ መሬት ፋብሪካው ያደረገበትም ነገር ነው። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ሪቻርድ ሃግ የሠራው ጋዝ ወርክስ ፓርክ በ1975 ሲከፈት የጋዝ ማምረቻው ማማዎች እንደቆሙ ነው የተተዉት፣ የተበከለውንም አፈር ኦርጋኒክ ነገር እየቀላቀሉ በባክቴሪያ እንዲጸዳ ነው የሞከሩት። ጀርመን ዱይስቡርግ ላይ ደግሞ በ1985 የተዘጋውን የብረት ማቅለጫ ፒተር ላትዝ ሲቀይረው ማዕድን የሚራገፍባቸው የኮንክሪት ጎተራዎች ውስጥ አትክልት ተተከለ፣ ክፍት የፍሳሽ ቦይ የነበረው የዝናብ ውሃ መያዣ ሆነ። ኮፒ አድርጊ እያልኩሽ አይደለም፣ ሁሉም ተማሪ ዱይስቡርግን ይለጥፍና "ኢንስፒሬሽን" ይልበታል፣ ይሰለቻል። አንቺ ጆርናልሽ ላይ የእነሱን ውሳኔ አንሺና ያንቺ ሳይት ላይ ለምን እንደማይሠራ ጻፊ፣ የማይሠራበት ምክንያት ስለራስሽ ሳይት ብዙ ያስተምርሻል።

ሌላው ጊዜ ነው። ሬንደርሽ ላይ ያሉት ዛፎች ስንት ዓመታቸው ነው? ሁሌ ሙሉ ያደጉ ናቸው አይደል? የምትተክዪው እኮ ከሰው የማይበልጥ ችግኝ ነው። አንድ ሴክሽን (መሬቱ ተቆርጦ ከጎን የሚታይበት ስዕል) ምረጪና በተተከለበት ዓመት፣ በ10ኛው፣ በ30ኛው ሥሪው። ጥላው በ10ኛው ዓመት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ካልደረሰ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ፀሐይ ላይ ነው የሚቀመጠው ማለት ነው፣ ይሄን ስታዪ ወይ ወንበሩን ታንቀሳቅሻለሽ ወይ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አብረሽ ትተክያለሽ፣ ጆርናሉ ራሱን ጻፈ በቃ። ነገሩ አዲስም አይደለም፣ እንግሊዛዊው የመናፈሻ ዲዛይነር ሃምፍሪ ሬፕተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለደንበኞቹ የሚሠራላቸው መጽሐፍ ላይ ስዕሉ የሚገለጥ ክዳን ነበረው፣ ሲከደን ዛሬ ያለው፣ ሲገለጥ እሱ ያሰበው። ኦልምስቴድና ቮክስም በ1858 የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ያሸነፉበት ዲዛይን ላይ ያለውንና የሚሆነውን ጎን ለጎን አድርገው ነው ያቀረቡት።

ተማሪዋ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ዛፎቹ ነገር አሳቀኝም አሳፈረኝም፣ ሁሉም ግዙፍ ናቸው። አንድ ነገር ግን፣ ጆርናሉን ታብሌት ላይ ብሠራው ችግር አለው? ሁሉም ሰው በእጅ በእጅ ይለኛል።

ስኬችና_ቀለም፦
በእጅ ሥሪ። ታብሌት ላይ ትሰርዢዋለሽ፣ የሰረዝሽው ደግሞ ነው የሚፈለገው።

ሥራሥር፦
እኔ አልስማማም፣ እኔ የምሠራው ታብሌት ላይ ነው፣ ሌየሩን (የሠራሽበትን የስዕል ንጣፍ) አታጥፊ በቃ፣ አዲስ ክፈቺ። ወረቀት ስለሆነ ብቻ ማሰብ አይመጣም።

ተማሪዋ፦
የኮምፓሱን ሞከርኩት። በታብሌት ነው፣ ይቅርታ @ስኬችና_ቀለም። ይሄን ጻፍኩ እዩልኝ፦

"ዋናውን መንገድ ከበሩ እስከ ጭስ ማውጫው ቀጥ አድርጌ ነበር የሠራሁት፣ በሩ ላይ ሲቆሙ የሚታየው ጭስ ማውጫው ብቻ ስለሆነ ያንን እይታ ማጣት አልፈለግኩም። ስለካው 9 በመቶ ይወርዳል። በ5 በመቶ ሲሄድ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ይጠመዘዛል፣ ርዝመቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ጭስ ማውጫውም ከአሮጌው መጋዘን ኋላ ይደበቃል። ጠመዝማዛውን ዋና መንገድ አደረግኩት፣ በቀጥታው መስመር ላይ ደረጃ ተውኩ። ያጣሁት፦ ሁሉም ሰው አብሮ መውረዱን። ዊልቸር ላይ ያለ ሰውና ጓደኛው በሩ ላይ ይለያያሉ። ይሄ ገና አልተፈታም።"

ኮንቱር_ቆጣሪ፦
ይሄ ነው! በተለይ "አልተፈታም" የምትለዋን እንዳታጠፊያት፣ ጁሪ ላይ ራስሽ አንሺያት ሳይጠይቁሽ። አሁን ደረጃውን ለጊዜው አውጪውና ጠመዝማዛው መታጠፊያ ላይ ሴክሽን ቁረጪ፣ የሰው ዓይን 1.5 ሜትር ላይ አድርጊ፣ ጭስ ማውጫው ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ብቅ ይላል ወይስ አይልም? ብቅ ካለ ደረጃው ላያስፈልግሽ ይችላል፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይወርዳል።

ሥራሥር፦
ሴክሽኑን ስትቆርጪ እስከ ታች ጥጉ አድርሺው። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁለቱን አቋርጦ ስለሚሄድ ከላይ የሚመጣውን ውሃ ሁሉ ነው የሚይዘው፣ ወደ ጎን 2 በመቶ ብታዘነብዪው እንኳ ወዴት እንደምትልኪው አልጻፍሽም፣ ታች ደግሞ ውሃ ይተኛል ብለሻል።

ተማሪዋ፦
ወይኔ ውሃው! እሺ ዛሬ ማታ ሴክሽኑን ቆርጬ እለጥፋለሁ።