ሮም ላይ የምሽት የምግብ ጉብኝት ከጿሚ እናት ጋር ይሆናል?

ጠያቂ፣ ከዴንቨር

ሰላም ለሁላችሁም። በዐቢይ ጾም ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሮም ላይ ሁለት ሌሊት እናድራለን። እኔ፣ ባለቤቴና እማዬ ነን። ባለቤቴ በአስጎብኚ የሚመራ የምሽት የምግብና የመጠጥ ጉብኝት አይቶ በጣም ጓጉቷል። እማዬ ግን ትጾማለች። ዓሣም አትበላም። እኛ ጾሙን ባንይዝም የአሳማ ነገር አንነካም። ጉልበቷንም ትንሽ ያማታል። እኛ ስንበላ እሷ ዳቦ ይዛ ቆማ እንዳታየን ፈርቻለሁ። እዚያ ያላችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከሮም

እህቴ፣ እኔ ሮም ነው የምኖረው። በዚህ በኩል የሚያልፍ ዘመድ ሁሉ ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ይሆናል። ግን ሰፈሩን ምረጪ። የማትበሉትንም ከመክፈልሽ በፊት አንድ በአንድ ጽፈሽ ላኪላቸው።

ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በጣሊያኖቹ 17:00 ወይም 18:00 ማለት ነው። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ሆናችሁ ከአስጎብኚው ጋር በእግር እየሄዳችሁ አራት አምስት ቤት ትገባላችሁ። አንዱ ጋ የተጠበሰ ነገር፣ ሌላው ጋ አይብና ወይን፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ፓስታ፣ መጨረሻ ላይ ጌላቶ፣ የጣሊያን አይስ ክሬም። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ከ70 እስከ 120 ዩሮ አካባቢ ነው። ለሦስት ሰው ቀላል ገንዘብ ስላልሆነ አንዳችሁም ሳትበሉ መመለስ የለባችሁም።

አብዛኞቹ የሚወስዷችሁ ትራስቴቬሬ ነው። ሰፈሩ ደስ ይላል። ለእናንተ ግን ወጥመዱ ፓስታው ላይ ነው። የሮም ስመ ጥር ፓስታዎች አራት ናቸው፤ ካርቦናራ፣ አማትሪቻና፣ ግሪቻ እና ካቾ ኤ ፔፔ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጓንቻሌ አለባቸው። ጓንቻሌ የአሳማ ጉንጭ ነው፤ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ታሽቶ ለሳምንታት ይደርቃል። ሲሠራ ይከተፍና ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ ይደረጋል። ስቡ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ፓስታው የሚታሸው በዚያ ስብ ነው። ስለዚህ «ሥጋውን አውጡልኝ» ማለት ዋጋ የለውም። አንዳንድ አስተናጋጅ በቅንነት ሥጋውን ለቅሞ ሳህኑን መልሶ ያመጣል። አትቀበሉት። ካቾ ኤ ፔፔ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ስለሆነ ለአንቺና ለባለቤትሽ ይሆናል። ለእማዬ ግን አይብ ነው።

እኔ ብሆን እማዬን የምወስዳት ጌቶ ወደሚባለው ወደ አይሁድ ሰፈር ነው። ከቲቤር ወንዝ ዳር ነው፣ ከትራስቴቬሬ ድልድይ ተሻግሮ ማለት ነው። በፈረንጆቹ በ1555 ጳጳስ ጳውሎስ አራተኛ የሮም አይሁዶችን አጥር ውስጥ የዘጉባቸው ቦታ ነው። እስከ 1870 ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ከዚያ ጠባብ ኑሮ የወጣው ምግብ ዛሬ የሮም ኩራት ሆኗል። ኮሸር ቤቶቹ፣ የአይሁድን የምግብ ሕግ የሚጠብቁት ማለት ነው፣ አሳማ የሚባል ነገር አያስገቡም። ሥጋ የሚሸጠው ኮሸር ቤት ደግሞ ወተት፣ ቅቤና አይብ አይጠቀምም። ለጿሚ ሰው ይህ ግማሽ መንገድ ነው።

ዋናው ግን ካርቾፎ ነው፤ በእንግሊዝኛ አርቲቾክ የሚሉት፣ እንደ አትክልት የሚበላ ያልፈካ የአበባ እምቡጥ። የሮም ካርቾፎ ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ስለሆነ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ድቡልቡል ነው፣ እሾህ የለውም። ሠሪው በአጭር ቢላ እያዞረ ጠንካራውን ቅጠል ይልጠዋል። እንዳይጠቁር ሎሚ ያለበት ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ በብዙ ዘይት ቀስ ብሎ ይበስላል። ወጥቶ ይንጠፈጠፍና ቅጠሎቹ በጣት ይከፈታሉ። እንደገና በጣም የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ ሠሪው እጁን ውኃ ነክሮ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፤ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ቅጠሉም ቆሎ ይመስል ቀጭ ቀጭ የሚል ይሆናል። ጨው ብቻ ነው የሚጨመርበት። በእጅ ነው የሚበላው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ዓሣ የሚጠበሰው በዚያው ዘይት ነው ወይ? ጨዋማ ዓሣ እዚህ በብዛት ይጠበሳልና።

ኮንቻ የሚባልም አለ። ዙኪኒ ተጠብሶ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅጠል ያድራል። እናቴ ሮም በመጣች ጊዜ ሳህኑን ለሌላ ሰው አላስነካችም። የዙኪኒ አበባ ጥብስ ግን እንዳያሳስታችሁ። ውስጡ ሞዛሬላና ትንሽ ዓሣ አለ። ፑንታሬሌ የሚሉት ሰላጣም ማባያው ከዚያችው ትንሽ ዓሣ ነው፤ ያለ እሷ እንዲሠሩላት ንገሪያቸው።

ቀኑንም አስቢበት። ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ኮሸር ቤቶቹ ሰንበት ስለሆነ ይዘጋሉ። ረቡዕ ሐሙስ ይሻላል።

ጥሩ አስጎብኚ በዚያ ሰፈር ምግብ ብቻ አያሳይም። የቤት ደጃፍ ላይ ስም የተጻፈባቸው ትንንሽ የነሐስ ድንጋዮች ታያላችሁ። በፈረንጆቹ ጥቅምት 16 ቀን 1943 ጀርመኖች ከሮም ከ1,000 በላይ አይሁዶችን ይዘው ወሰዱ። ከሞት የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አስጎብኚው እዚያ ቆም ብሎ ሲናገር የሰውን ስም ያነባል። ለመብላት ብቻ የሚያጣድፍ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ስትጽፊላቸው «ቬጀቴሪያን» አትበዪ፤ አይብና እንቁላል ይዘው ይመጣሉ። «ቬጋን» በዪ። ከዚያም በጣሊያንኛ ዘርዝሪ፤ ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ፔሼ፣ ሴንዛ ፎርማጆ፣ ሴንዛ ኡዎቫ፣ ሴንዛ ቡሮ። ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ አይብ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ስትሩቶ የሚሉትን የአሳማ ስብም ጨምሪ፤ አንዳንድ ሊጥ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ቤት ለእሷ ምን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። እኔ የማውቃቸው እንግዶች ለአንድ ድርጅት ቀድመው ነግረው ነበር፤ መልእክቱ ለአስጎብኚው ሳይደርስ ቀርቶ እህታችን ሦስት ቤት ዳቦ ብቻ በላች። እስካሁን ያናድደኛል። ገንዘቡ ሙሉ ነበር የተከፈለው።

ለባለቤትሽ በማግሥቱ ቴስታቾን እመክራለሁ። የከተማው ቄራ ከ1888 እስከ 1975 እዚያ ነበር። ለሠራተኛው የሚደርሰው ጨጓራ፣ ጭራና የሆድ ዕቃ ስለነበር የሰፈሩ ምግብ ከዚያ ተወለደ። የሮም ጨጓራ በቲማቲም፣ በናናና በበግ አይብ ይሠራል። ዱለት የሚወድ ሰው እዚያ ቤቱ ነው። የቴስታቾ ገበያ ግን ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ የማታ ጉብኝት አያገኘውም። በነገራችን ላይ ከዚያ ወደ ጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ፣ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ብትሄዱ የአክሱም ሐውልት በፈረንጆቹ ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረበትን አደባባይ ታያላችሁ። በ2005 ነው አገሩ የገባው። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሐውልቱ እዚያ አለመኖሩ ደስ ይለኛል።

መልስ፣ ከሚላኖ

የሮሙ ወንድማችን ጨርሶታል። ስለ መጠጡ ብቻ ልጨምር። እዚህ ሚላኖ ምሽቱ አፔሪቲቮ ነው። አንድ መጠጥ ታዛለህ፣ ከእሱ ጋር የሚቀመስ ይመጣል። ከ10 እስከ 15 ዩሮ ይሆናል። ጉብኝት ላይ ግን ሦስት አራት መጠጥ ተከታትሎ ይመጣልና ልዩነቱን እወቁ። አፔሮል የሚባለው መረር ያለ መጠጥ 11 በመቶ አልኮል ነው፤ በፕሮሴኮ (አረፋ ያለው ነጭ ወይን) እና በሶዳ ሲቀላቀል ይለሰልሳል። ኔግሮኒ ግን ጂን፣ ቬርሙትና ካምፓሪ እኩል እኩል ነው፤ ሦስቱም አልኮል ናቸው። ቀለማቸው ስለሚቀራረብ ሰው እንደ ለስላሳ ይጠጣዋል። ጣሊያኖች ሳይበሉ አይጠጡም። ባለቤትሽም እንደዚያ ያድርግ።

ለማይጠጣ ሰው ክሮዲኖ አለ። መረር ያለ ነው፣ አልኮል የለውም። እማዬም ብርጭቆ ይዛ ከሰው ጋር ትጫወታለች።

በዚህ በኩል ካለፋችሁ ደግሞ ፖርታ ቬኔዚያ ወደሚባለው ሰፈር ኑ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። የጾም በየዓይነቱ አይጠፋም። ሮምም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አሉ። እማዬ በጣሊያን ምግብ ካልተመቻት መጠባበቂያ ይሁንላችሁ።

መልስ፣ ከለንደን

እኔ ሙስሊም ነኝ። ባለፈው ዓመት ከእህቶቼ ጋር ሮም ላይ ይህንን ጉብኝት ወስደናል፤ በጣም ነው የወደድነው። አሳማውን ማስቀረት ቀላል ነው፤ ወይኑ ነው የሚደበቀው። የበሬው ጭራም ጨጓራውም ውስጥ ነጭ ወይን ይጨመራል። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭ ላይ ማርሳላ የሚሉት ወይን ወይም ሩም የሚያደርጉ ቤቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ «አንጠጣም» ብቻ አትበሉ፤ «ምግቡ ውስጥም አልኮል አይግባ» በሉ። ዋጋውንም ጠይቁ። ወይን ለማይጠጣ የሚቀንሱ አሉ፤ ሳይጠየቁ ግን አይቀንሱም። ኮሸር ሥጋ ይሆናል አይሆንም የሚለውን የየራሳችሁን ዓሊም ጠይቁ። እኛ አትክልቱንና ዓሣውን በልተን ነው የጠገብነው።

ጠያቂ፣ ከዴንቨር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናንተም አላህ ይስጣችሁ። የምንደርሰው ረቡዕ ጠዋት ነው። ለእማዬ ስለ ካርቾፎው ስነግራት «ምን ዓይነት አበባ ነው የሚበላው?» እያለች ነው። የሚያሳስበኝ ጉልበቷ ነው። ይህን ሁሉ ሰዓት ትችላለች?

መልስ፣ ከሮም

ረቡዕ ከሆነ ጥሩ ነው። ጌቶ ትንሽ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ይቀራረባሉ። መንገዱ ግን ጥቋቁር ጥርብ ድንጋይ ስለሆነ ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ታድርግ፣ ዝናብ ከጣለ ያንሸራትታል። ብዙ ቤት ቆሞ ነው የሚበላው። ወንበር እንዲያዘጋጁላት ከአሁኑ ጻፊ፤ ለትልቅ ሰው አይከለክሉም። ሆቴል ስትይዢም ከተርሚኒ ይልቅ ለጌቶ ቅርብ የሆነው ላርጎ አርጀንቲና አደባባይ አካባቢ ያዢ፤ ከደከማት በአሥር ደቂቃ ትገባለች። ውኃ አትግዙ። መንገድ ዳር ናዞኒ የሚሏቸው የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ይፈሳሉ፣ ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው።

ድርጅቱ የሚልክልሽን መልስ ወደዚህ ላኪልኝ። ጣሊያንኛውን አይቼ የጎደለ ካለ እኔው እደውልላቸዋለሁ።