ስኬችአፕ ላይ የሲ ኤክስቴንሽን፦ እኔ ጋ ይሠራል፣ ቢሮ 126 ይላል

ቱሉዲምቱ_ሞዴል

ሰላም ለሁላችሁ። ስኬችአፕ 2024 (የ3ዲ መሳያ ሶፍትዌሩ) ላይ የምጠቀምበት፣ እዚያው ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሩቢ የጻፍኩት የመሬት ሞዴል ማውጫ አለ። ሰርቬየሩ በቶታል ስቴሽን (የመሬት መለኪያ መሣሪያ) ለክቶ የሚያመጣውን የነጥብ ፋይል ያነባል፣ ነጥቦቹን በሦስት ማዕዘን ያያይዛል፣ ከዚያ መሬቱን ይስላል። ለአንድ ግቢ ሲሆን ችግር የለውም። አሁን ግን ከክፍያ መንገዱ መግቢያ ወዲህ ያለ ሰፊ ቦታ መጣልኝ፣ ወደ 40 ሺህ ነጥብ ነው፣ ሩቢው ቀጥ አለ። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ አይጨርስም።

ስለዚህ የማያያዙን ስሌት ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ አዞርኩት፣ ሩቢው የሚጭነው የተለየ ፋይል (ኤክስቴንሽን) ሆነ። እኔ ማሽን ላይ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮምፓይል ሆኖ (ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ) ያለ አንዳች ችግር ይጫናል፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ከተማ ላለው ቢሮ ስልከው ግን «የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም» ብሎ 126 የሚል ስህተት ይሰጣል። ፋይሉ እኮ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል! ስኬችአፑም ያው 2024 ነው፣ ዊንዶውሱም 64 ቢት።

ሌላው፣ እኔም ጋ ቢሆን ስዕሉ ልክ አይደለም። ቦታው ላይ ያለው የቦይ ጠርዝ ቀጥ ማለት ሲገባው ጥርስ ጥርስ አወጣ። ከፍታው ትክክል ነው፣ የሚዛነፈው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ነው። ሩቢው ሲስለው እንዲህ አልነበረም። ኮኦርዲኔቱ ሰርቬየሩ እንዳመጣው ነው፣ አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (የካርታ መለኪያ ሥርዓቱ ነው)። በናታችሁ የት የት ልይ?

ገላን_ዲኤልኤል

126 ሰውን የሚያንከራትተው ስለ ራሱ ፋይል የሚያወራ ስለሚመስል ነው። ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ፋይልህን አግኝቶታል፣ ያጣው ፋይልህ የሚፈልገውን ሌላ ዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ነው። የትኛውን እንዳጣ ደግሞ ስሙን አይነግርህም። 193 ቢልህ 32 እና 64 ቢት ተደባልቀዋል ማለት ነው፤ 127 ቢልህ ዲኤልኤሉ አለ፣ የምትጠራው ፋንክሽን ግን ውስጡ የለም።

ያንተን ለማወቅ የቪዥዋል ስቱዲዮን ኮማንድ መስኮት ክፈትና ደምፕቢን የሚለውን መሣሪያ «ዲፔንደንትስ» ከሚለው አማራጭ ጋር ፋይልህ ላይ አስኪደው። ፋይሉ የሚፈልጋቸውን ዲኤልኤሎች በሙሉ ይዘረዝርልሃል። ቪሲራንታይም140ዲ እና ዩሲአርቲቤዝዲ የሚሉ ካየህ መጨረሻቸው ላይ ያለችውን «ዲ» ልብ በል፣ የዲቡግ (ለፕሮግራመሩ መፈተሻ የሚሆነው ዓይነት) ናት። እነዚህ ፋይሎች ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር የሚመጡ ስለሆኑ አንተ ጋ አሉ፣ ቢሮ የሉም። ማይክሮሶፍትም ለሌላ ሰው እንድታከፋፍላቸው አይፈቅድም። ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚሰጠው ዓይነት) ላይ አድርገህ እንደገና ኮምፓይል አድርግ። እነሱ ጋ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩታብል መጫኑንም ጠይቃቸው።

እዚያው ዝርዝር ላይ የሩቢውን ዲኤልኤል ስም እይ። 320 ማለት አለበት፣ ስኬችአፕ 2024 የያዘው ሩቢ 3.2 ነውና። 2023 ግን 2.7 ላይ ነው ያለው፣ እዚያ 270 ነው። አንዳንዱ ሰው ሩቢ 3.1 ለብቻው አውርዶ በእሱ ሄደር (ኮምፓይለሩ የሩቢን ፋንክሽኖች የሚያውቅበት ፋይል) ይሠራና 126 ተመልሶ ይመጣበታል። ሄደሩንና ሊብ ፋይሉን ስኬችአፕ ራሱ ጊትሃብ ላይ ካስቀመጣቸው የሩቢ ሲ ኤክስቴንሽን ምሳሌዎች ውሰድ፣ የሩቢው ስሪት እየተለየ ተቀምጧል። ሁለቱንም ስኬችአፕ የሚጠቀሙ ደንበኞች ካሉህ ለየስሪቱ ኮምፓይል አድርገህ በተለያየ ፎልደር አስቀምጥ፣ ሩቢው የራሱን ስሪት አይቶ ይምረጥ።

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ደግሞ፦ ኮምፓይል የሆነው ፋይል ስሙ መሬት.ኤስኦ ከሆነ የመግቢያው ፋንክሽን ኢኒት_መሬት መባል አለበት። ሲ ፕላስ ፕላስ ከሆነ «ኤክስተርን ሲ» ካላላችሁበት ኮምፓይለሩ ስሙን ይለውጠዋል፣ ሩቢም አያገኘውም።

ሱሉልታ_አርክ

የቦዩን ነገር እኔ ልመልስልህ። ሲው ውስጥ ነጥቦቹን በ«ፍሎት» ነው የያዝካቸው አይደል? ስሌቱን ተመልከት። ስኬችአፕ ውስጡ ሁሉን ነገር በኢንች ነው የሚይዘው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኖርዚንጉ (የሰሜኑ ቁጥር) 981 ሺህ ሜትር ገደማ ነው፣ በ39.37 ስታባዛው 38.6 ሚሊዮን ኢንች ይሆናል። የሲ ፍሎት 32 ቢት ነው፣ ቁጥሩን ራሱን የሚይዝበት 24 ቢት ብቻ ነው። ከ33.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን በአራት በአራት እየዘለለ ነው የሚቆጥረው። አራት ኢንች ማለት 10 ሳንቲሜትር ነው! ኢስቲንጉ (የምሥራቁ ቁጥር) ወደ 479 ሺህ ስለሆነ 18.9 ሚሊዮን ኢንች ይመጣል፣ እዚያ ዝላዩ ሁለት ኢንች ነው። ከፍታህ ያልተበላሸው ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው። ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሞ በሚሊሜትር የለካውን ቦይ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ፍርግርግ ላይ እያስቀመጥክበት ነው። ተቀራራቢ ነጥቦች ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይወድቁና ሦስት ማዕዘኑም ይበላሻል።

ሁሉንም «ደብል» (64 ቢት) አድርገው። የሩቢ ፍሎት 64 ቢት ነው፣ ለዚህ ነው በፊት ያልታየህ።

እሱ ብቻ ግን አይበቃህም። ከኦሪጅን (ከዜሮ ነጥቡ) አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀህ ስትስል ስኬችአፕ ራሱ መስመሩን ማያ ገጹ ላይ ያንቀጠቅጠዋል። ከቦታው ጥግ አንድ ነጥብ ምረጥ፣ ከሁሉም ላይ ቀንሰው፣ የቀነስከውን ቁጥር ሞዴሉ አትሪቢዩት ላይ ጻፈው። ወደ ካድ ስትመልሰው ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። ጊዜውን የሚበላው ስሌቱ ነው ወይስ አሳሳሉ? ለይተህ ለክተኸዋል? አድ_ፌስ እያልክ አንድ በአንድ የምትጨምር ከሆነ ስኬችአፕ እያንዳንዱን ፊት (ሦስት ማዕዘን) ካለው ጋር እያመሳከረ ነው የሚያስገባው፣ ሞዴሉ በገፋ ቁጥር ይከብዳል። ስሌቱን ሲ ብታደርገው ያ አይቀልልህም። ከ2022 ጀምሮ ኢንቲቲስ ቢልደር አለ፣ ለጅምላ አሳሳል ተብሎ የተሠራ ነው። ስታርት_ኦፕሬሽን ላይም ሁለተኛውን አርጉመንት ትሩ አድርገው፣ በየመስመሩ ማያውን እንዳያድስ። በሩቢ ብቻ የሚፈታ ነገር ላይ ሲ መጨመር፣ በየዓመቱ አዲስ ስኬችአፕ ሲወጣ አንተኑ ነው የሚያደክምህ።

ለገጣፎ_ኮድ

ቪዥዋል ስቱዲዮ ለሌላችሁና ኢንተርኔቱ ለሚቆራረጥባችሁ፣ መጫኛው «ሌይአውት» የሚል አማራጭ አለው። ደህና መስመር ያለበት ቦታ ሄዳችሁ የሲ ፕላስ ፕላሱን ክፍል ብቻ መርጣችሁ ፎልደር ላይ ታወርዱና በፍላሽ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከባዶ አትጀምሩም።

ቱሉዲምቱ_ሞዴል

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁለቱም «ዲ» ዝርዝሩ ላይ ነበሩ። ሪሊዝ አድርጌ ላክሁት፣ ቢሮ ተጭኗል። ደብል ሳደርገውና ጥጉን ስቀንስ ቦዩም ቀጥ አለ። እህቴ፣ አሳሳሉንም ለየብቻው ለካሁት፣ እውነትሽን ነው፣ ከግማሽ በላይ ጊዜ የሚሄደው አድ_ፌስ ላይ ነበር። ወደ ቢልደር ልቀይረው ነው። ማያያዙ ግን ሩቢ ላይ አሁንም ከባድ ስለሆነ እሱን ሲ ላይ አቆየዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አልፎ አልፎ ስኬችአፕ ያለ ምንም መልእክት ድርግም ብሎ ይዘጋል። አንዳንዴ በመጀመሪያው፣ አንዳንዴ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ነጥቦቹን የማስገባው በሩቢ አሬይ ነው፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሦስት ቁጥር አሬይ ሆኖ። ያያያዝኩትንም አሬይ ሠርቼ ግሎባል ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

ገላን_ዲኤልኤል

መጀመሪያ የምጠረጥረው ያንን ግሎባል ነው። የሩቢ ጋርቤጅ ኮሌክተር (የማይፈለግ ሜሞሪ የሚያጸዳው ክፍል) የሲ ስታክህን ያያል እንጂ የሲ ግሎባልህን አያይም። ማንም የማይፈልገው መስሎት አሬይህን ያነሳዋል፣ አንተ በኋላ ስትነካው ባዶ ቦታ ትነካለህ። መቼ እንደሚያጸዳ ስለማይታወቅ ነው አንዳንዴ የሚሠራልህ። በአርቢ_ግሎባል_ቫሪያብል አስመዝግበው፣ ወይም ከነጭራሹ ግሎባሉን ተወው።

እኔ ብሆን አሬይ በአሬይ አላስገባም ነበር። ሩቢው ላይ ነጥቦቹን ሁሉ ፍላተን አድርገህ በፓክ «ዲ*» ወደ አንድ ስትሪንግ ቀይራቸው። አንድ ነጥብ 24 ባይት ነው፣ 40 ሺው ተደምሮ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ሲው ስትሪንጉን እንደ ደብል ፖይንተር ያነበዋል፣ ስሌቱን ይሠራል፣ የሦስት ማዕዘኖቹን ቁጥር በስትሪንግ ይመልሳል፣ ሩቢው በአንፓክ ይፈታል። በዚህ መንገድ ሲው የሩቢ ዕቃ የሚነካው መግቢያና መውጫ ላይ ብቻ ነው። ስሌቱ እስኪያልቅ የመጀመሪያው ስትሪንግ እንዳይነሳብህ መጨረሻ ላይ አርቢ_ጂሲ_ጋርድ ጨምርበት።

አርቢ_ሬይዝ (የሩቢ ስህተት የሚያስነሳው) ላይም ተጠንቀቅ። ከፋንክሽኑ ዘሎ ነው የሚወጣው፣ የሲ ፕላስ ፕላሱን ዲስትራክተር (ሜሞሪ የሚለቀውን ፋንክሽን) አይጠራም፣ ቬክተሮችህ ሜሞሪ ይዘው ይቀራሉ። በተቃራኒው የሲ ፕላስ ፕላስ ኤክሴፕሽን ሳይያዝ ወደ ሩቢ ከወጣ ስኬችአፑን ይዞት ይሄዳል። ስሌቱን በሙሉ ትራይ ውስጥ ክተተው፣ ስህተቱን ያዝ፣ ቬክተሮቹ ከጠፉ በኋላ ከውጭ ሬይዝ አድርግ።

አዲስ ስሪት ስትልክ ደግሞ፣ ስኬችአፕ ክፍት እያለ ዊንዶውስ ኤስኦ ፋይሉን ስለሚይዘው በአዲስ መተካት አይቻልም። ቢሮ ያሉት ሰዎች ሲያዘምኑ «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» ይላቸዋል። ሩቢው ሲነሳ ፋይሉን ወደ ቴምፕ ፎልደር ኮፒ አድርጎ ከዚያ እንዲጭነው አድርግ፣ የፋይሉን ስም ግን እንዳትቀይር፣ ኢኒት_መሬትን የሚፈልገው በእሱ ነው።