ሳሎኑ ሲሞቅ መኝታ ቤቱ ይበርዳል፦ ስማርት ቴርሞስታትና የራዲያተር ቫልቭ እንዴት ይስማሙ?

ብርዱ በዛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ስምንት ራዲያተርና 24 ኪሎዋት የጋዝ ቦይለር አለው። የሻወሩንና የወጥ ቤቱንም ሙቅ ውሃ በቀጥታ የሚያሞቀው ይኸው ቦይለር ነው፣ የሚጠራቀምበት ታንከር የለም። ሳሎን ግድግዳ ላይ የነበረውን ቴርሞስታት በስማርት ተካሁ። ሳሎኑን ጨምሮ በሰባት ራዲያተሮች ላይ የነበሩትን በእጅ የሚዞሩ ባለቁጥር የቫልቭ ራሶችም በባትሪ በሚሠሩ ስማርት ራሶች ቀየርኩ። ሁሉም የአንድ ፋብሪካ ናቸው። የመታጠቢያ ቤቱ ፎጣ ማድረቂያ ራዲያተር ብቻ ያለ ራስ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ፎቅ ያለው መኝታ ቤት 20 ዲግሪ ታዞ ሌሊቱን 17 ላይ ያድራል። ስልኬ ላይ ቫልቩ «100% ክፍት» ይላል፣ ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። የልጆቹ ክፍል ተቃራኒው ነው፤ ቫልቩ «ዝግ» እያለ ራዲያተሩ ይፋጃል፣ ራሱ ሲገጠምም «ልኬት አልተሳካም» ብሎ ነበር። በዚያ ላይ የሁለቱ ራሶች ባትሪ ሁለት ወር ሳይሞላው አለቀ። ከየት ልጀምር?

ጋሽ ቧንቧ

ከመኝታ ቤቱ ጀምር፣ እዚያ የተበላሸ ነገር የለም። የራዲያተር ቫልቭ ሥራው ውሃ ማሳለፍና መከልከል ነው፤ ማሞቅ አይችልም። ቦይለርህ የሚሰማው ሳሎን ያለውን ቴርሞስታት ብቻ ነው። ሳሎኑ 21 ሲደርስ ቴርሞስታቱ ቦይለሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ የመኝታ ቤቱ ቫልቭ መቶ በመቶ ቢከፈትም የሚያልፍበት ሙቅ ውሃ የለም።

መተግበሪያው ውስጥ የየክፍሉን ቅንብር ክፈትና ክፍሉ ቦይለሩን እንዲጠራ የሚፈቅደውን አብራ። ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ «ሙቀት መጠየቅ» ወይም «ቦይለር መቆጣጠር» የሚል ዓይነት ነው። ክፍሉ ከቦይለሩ ጋር ካልተያያዘ ቫልቩ ለብቻው ሲከፍት ሲዘጋ ይኖራል እንጂ የሚሰማው የለም።

ደግሞ ሳሎን ውስጥ ሁለት አዛዥ አስቀምጠሃል። ቴርሞስታቱ 22፣ ቫልቩ 21 ቢባሉ ቫልቩ በ21 ይዘጋል፣ ቴርሞስታቱ 22ን አያይም፣ ቦይለሩም የሚያጠፋው አያገኝም። ሁለቱን በአንድ ክፍል አስገብተህ የግድግዳውን መለኪያ ብቻ እንዲከተሉ አድርግ፤ መተግበሪያው ይህን ካልፈቀደ የሳሎኑን ራስ አውልቀው። ሲወልቅ የቫልቩን ፒን (ራሱ የሚጫነውን ቀጭን ዘንግ) ስፕሪንጉ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቫልቩ ሙሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። ሳሎኑ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ከሞቀ በራዲያተሩ ሌላኛው ጫፍ ያለውን ማመጣጠኛ ቫልቭ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ጥበበው፤ በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቅ።

ዝምተኛው

ፎጣ ማድረቂያው ላይም ራስ ቢገጠም አይሻልም? ቀን ሙሉ ሙቀት ያባክናል።

ጋሽ ቧንቧ

አይነካ። ሁሉም ቫልቮች በአንድ ጊዜ ከተዘጉ ፓምፑ ውሃውን የሚገፋበት መንገድ ያጣል፤ ቱቦው ያፏጫል፣ ቦይለሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ይግልና መከላከያው ያጠፋዋል። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ፓምፑ ጥቂት ደቂቃ የሚዞረው የተረፈውን ሙቀት ለማውጣት ነው። ስለዚህ አንድ ክፍት ራዲያተር፣ አለበለዚያ ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት የማለፊያ ቫልቭ የግድ ነው። አንዳንድ ቦይለር ውስጡ አለው፤ መመሪያው ላይ ይገኛል።

ብርዱ በዛ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ፈቃዱ በሁሉም ክፍሎች ጠፍቶ ነበር፤ አበራሁት፣ መኝታ ቤቱም 20 ደረሰ። አሁን ግን ሌሊት እሱ ብቻ ሲጠራ ቦይለሩ ሁለት ደቂቃ ነድዶ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሣል፣ እስኪነጋ እንዲሁ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ሙቀት 75 ላይ ተስተካክሏል።

ሽቦ በሽቦ

የሚጠበቅ ነው። 24 ኪሎዋት ቦይለር እሳቱን ዝቅ ቢያደርግ እንኳ ብዙ ጊዜ ከ5 ወይም 6 ኪሎዋት በታች አይወርድም (የአንተን ልክ መመሪያው ላይ «ዝቅተኛ ኃይል» በሚለው ታገኘዋለህ)። የመኝታ ቤት ራዲያተር አንድ ኪሎዋት ቢወስድ ነው፣ ፎጣ ማድረቂያው ጥቂት ይጨምር። የተረፈው ውሃውን ወዲያው ወደ 75 ያደርሰዋል፣ ቦይለሩ ራሱን ያጠፋል። ጋዝ ያባክናል፣ ማቀጣጠያውንና ማራገቢያውን ያደክማል።

እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ ክፍሎቹን አቧድን፦ ፎቅ ያሉት መኝታ ቤቶች አንድ ዓይነት ሰዓት ይኑራቸው፣ አብረው ይጥሩ። ቀጥሎ በቦይለሩ ማውጫ (ሜኑ) ውስጥ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለስንት ደቂቃ እንዳይነሣ የሚወስነውን ቁጥር ፈልግና ከፍ አድርገው፤ የማሞቂያው ከፍተኛ ኃይልም እዚያው ይቀነሳል፣ ሻወሩን አይነካውም። ማውጫው የቴክኒሻን ቁልፍ ከጠየቀ ለቴክኒሻን ተወው። በመጨረሻ የራዲያተሩን ውሃ ከ75 ወደ 55 አውርድ።

ስለ መጨረሻው ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው አውርዶ «ቤቴ በረደ» እያለ ይመልሰዋል። በአውሮፓ ደረጃ ራዲያተር ላይ የሚጻፈው ዋት የተለካው ውሃው 75 ገብቶ 65 ሲወጣ፣ ክፍሉ 20 ሲሆን ነው፤ አማካዩ ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ይበልጣል። 55 ገብቶ 45 ከወጣ ልዩነቱ 30 ይሆናል፣ ባለ 1000 ዋቱም የሚሰጠው 515 ግድም ነው፣ ግማሽ ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉ በዝግታ ይሞቃል። ጠዋት በ12 ሰዓት 20 እንዲሆን የምትፈልገውን ክፍል ቀደም አድርገህ አስጀምር፣ ሌሊትም ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ በላይ አታውርደው። በጣም በሚበርድበት ሰሞን 60 ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል።

ትርፉ የሚገኘው ግን ቦይለሩ እንፋሎት የሚያቀዘቅዝ ዓይነት (ኮንደንሲንግ) ከሆነ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ሙቀቱን የሚመልሰው ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ግድም በታች ሲሆን ነው። አሮጌው ዓይነት ከሆነ አታውርደው፤ ያው እንፋሎት ሆዱ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል። ታንከር ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ልብ በሉ፦ ታንከሩ 60 መድረስ አለበት፣ አለበለዚያ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባበታል።

ብርዱ በዛ

ኮንደንሲንግ ነው፣ ከሥሩ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አለው። ቴርሞስታቱ ላይ «ኦፕንተርም» የሚል ቀዳዳም አየሁ፤ አሁን የታሰረው ግን ሪሌይ በሚለው ላይ ነው። ልቀይረው?

ሽቦ በሽቦ

ቦይለሩም ካለው ቀይረው፣ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሪሌይ የሚያውቀው «ንደድ» እና «ጥፋ» ብቻ ነው፤ ኦፕንተርም ግን «ውሃውን 48 አድርግልኝ» ማለት ይችላል፣ እሳቱ እንደ ፍላጎቱ ዝቅ ይላል። ከዝቅተኛው ኃይል በታች ግን እሱም አያወርደውም፣ ስለዚህ ያልኩህን ማቧደን አትተው። ሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው፣ አወንታዊና አሉታዊ የለውም፣ ቢገላበጥ ችግር የለም።

አደጋው ሌላ ነው። ከጎኑ ያሉት የድሮው ቴርሞስታት ማሰሪያዎች 230 ቮልት ሊኖርባቸው ይችላል። ያ ኮረንቲ ኦፕንተርሙ ላይ ከገባ የቦይለሩ ቦርድ ይቃጠላል። ከዋናው ማብሪያ አጥፋ፣ በቴስተር አረጋግጥ፣ ከሪሌዩ ላይ ሁለቱንም ሽቦ ንቀል፣ የቦይለሩን የሽቦ ሥዕል አይተህ እሰር። የጋዙንና የእሳቱን ክፍል ሽፋን ግን ፈቃድ ካለው ባለሙያ በቀር ማንም አይክፈተው።

ካቻቪት

የልጆቹን ክፍል ማንም አልነካውም፣ እኔ ልያዘው። ዘግቶም የሚፋጅ ከሆነ ወይ ፒኑ ተጣብቋል ወይ ራሱ ፒኑ ጋ አይደርስም።

ራሱን መጀመሪያ በመተግበሪያው «መግጠሚያ» ሁኔታ ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ይሰበሰብ። ከዚያ ቀለበቱን በእጅ ፈትተህ አውልቅ፤ ውሃ አይፈስም። መሃል ላይ ቀጭን ፒን ታያለህ። በእንጨት ቁራጭ ወይም በማንኪያ ጀርባ ቀጥ አድርገህ ግፋው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ገብቶ ስትለቀው ራሱ መመለስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ የቫልቩን ጎን በቀስታ ነካ ነካ እያደረግህ፣ አንድ ጠብታ የሲሊኮን ቅባት ጨምረህ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ግፋና ልቀቅ። ውስጥ ገብቶ የቀረ ከሆነም በዚሁ ይለቃል። በፒንሳ ይዘህ እንዳትጎትተው! ከወጣ ሙቅ ውሃ ይተፋል፣ የሚቆምበትም መንገድ የለም።

ፒኑ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ወደ አዳፕተሩ ሂድ። አብዛኛው ራስ የሚመጣው ለ30 ሚሊሜትር ጥርስ፣ እርከኑ 1.5 ለሆነ ነው። 28 የሆነ የቫልቭ አካል አለ፣ ጥርስ ሳይኖረው በመንከስ የሚያዝም አለ። ለእነዚህ ከራሱ ጋር የሚመጣውን ቀለበት፣ አንዳንዴም ፒኑን የምታስረዝመውን ትንሽ የፕላስቲክ ዘንግ ማስገባት ያስፈልጋል። ዘንጓ ስትረሳ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ምንም አይነካም፤ «ልኬት አልተሳካም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ስትመልሰው ቀለበቱን በእጅ ብቻ አጥብቅ፣ በመፍቻ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከዚያ ልኬቱን እንደገና አስጀምር።

ፒኑም ገብቶ፣ አዳፕተሩም ልክ ሆኖ ራዲያተሩ ካልበረደ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል። ያኔ ውሃው ወርዶ የውስጡ ዕቃ ይቀየራል፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው። ሲዘጋ እንደ መዶሻ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ግን ቫልቩ በተገላቢጦሽ ፍሰት ላይ ተገጥሟል፤ አካሉ ላይ ያለውን ቀስት እይ።

ዝምተኛው

ለባትሪው በሚሞላ ባትሪ ቢተካስ?

ካቻቪት

የሚሞላው 1.2 ቮልት ነው፣ አልካላይኑ 1.5። ብዙ ራስ 1.2ን ሲያይ «አልቋል» ይላል ወይም ፒኑን ለመግፋት ጉልበት ያንሰዋል። መመሪያው ካልፈቀደ በቀር አልካላይን ይግባበት፣ አሮጌና አዲስ ሳይቀላቀል። ሊቲየም እስከ መጨረሻው ቮልቱን ይዞ ቆይቶ በድንገት ነው የሚወድቀው፣ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይደርሳል።

በሁለት ወር የሚያልቀው ግን በባትሪው ዓይነት ብቻ አይመስለኝም። ፒኑ ሲከብድ ሞተሩ ብዙ ይበላል፤ ስለዚህ የሁለቱንም ፒን እንዳልኩህ ፈትሽ። ሲግናል ሲደክምም ራሱ መልእክቱን ደጋግሞ ይልካል። ራሶቹ የሚገናኙት በዚግቢ (የስማርት ዕቃዎች የሬዲዮ መገናኛ) ከሆነ ሶኬት ላይ የሚሰካ ስማርት መሰኪያ መሃል ላይ አድርግ፣ ሲግናሉን ያቀባብላል። ጌትዌዩንም (ራሶቹን ከመተግበሪያው ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) ከራዲያተር ጀርባና ከዋይፋይ ሳጥኑ አጠገብ አንሣው።

ጋሽ ቧንቧ

አንድ የቀረ አለ። ራሱ ሙቀት የሚለካው ከሚፋጅ ብረት አጠገብ ሆኖ ነው፤ መጋረጃ ከወረደበት ክፍሉ 18 ሆኖ እሱ 22 ያነባል። በቅንብር አራት ዲግሪ ብትቀንስለት ራዲያተሩ ሲበርድ ስህተቱ ወደ ሌላ ይዞራል። ለመኝታ ቤቶቹ የተለየ የሙቀት ሴንሰር ከወለሉ ወደ 1.5 ሜትር ከፍ አድርገህ፣ ፀሐይና ንፋስ በማይነካው የውስጥ ግድግዳ ላይ ስቀል።

ብርዱ በዛ

የልጆቹ ክፍል ዘንጓ ነበረች፤ ሳጥኑ ውስጥ ቀርታለች። አስገባኋት፣ ልኬቱ አለፈ፣ ራዲያተሩ በረደ። ውሃውን 55 አድርጌ ፎቁን አቧደንኩት፤ ሌሊት አሁን አንዴ ሲነሣ ከሃያ ደቂቃ በላይ ይነዳል። ማሞቂያው በማይሠራባቸው ወራት ራሶቹን ምን ላድርጋቸው?

ካቻቪት

ሁሉንም ሙሉ ክፍት አድርገህ ተው፣ ባትሪውን ከዚያ በኋላ ማውጣት ትችላለህ። ወራት ሙሉ ተጭኖ የከረመ ፒን ነው የሚጣበቀው።